አኩራፊዋ ቁራጭ

«ፊቱ ወዴት ይሁን?» ብሎ ጠየቃት ሣር አንጣፊው። ልጅቱ የነርስ ነጭ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ አንድ እግሯን ከግቢው በር አውጥታ ነበር የቆመችው። ተረኛ ናት፤ ሰዓቱ ሄዶባታል። «የምኑ ፊት?» አለች። ይሄ ሰው ሰራሽ ሣር ፊት እንዳለው፣ ክሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጋደል ብሎ እንደሚሠራ፣ ወደ ቤቱ ካዞሩት ከደጃፍ ሆኖ ለሚያየው እንደሚያምር፣ ወደ በሩ ካዞሩት ደግሞ ለሚመጣ እንግዳ እንደሚያምር ሊያስረዳት ጀመረ። አላስጨረሰችውም። «እንደመሰላችሁ አድርጉት» አለችው። «ለእሷ እንደሆነ ለውጥ የለውም፤ አታይም።» ይህን ስትል ድምጿን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። እናትየው አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። የደከመው ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸውማ የጎረቤት ድስት ሲከደን ይሰማል። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ መለስ አድርገው ነበር፤ ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው አዞሩት። «እማዬ፣ ቻው» አለች ልጅቱ። በሩን ዘግታ ሄደች።

ሣር አንጣፊውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ውሃልክ» ነው የሚሉት። ከኪሱ የማይለየው፣ ውስጡ ውሃና አንዲት አረፋ ያለችበት የግንበኛ መለኪያ ነው ስሙን ያወጣለት። ሰው ቤት ገብቶ ሻይ ቢቀርብለት እንኳ ጠረጴዛው ዘመም ያለ ከመሰለው ሻዩን ትቶ ካርቶን አጥፎ ከእግሩ ሥር ይሸጉጣል። ሚስቱ የተናደደችበት ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶ በጣቷ ገፋ አድርጋ አጣማው ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እሱ ተነስቶ ያቃናዋል፤ ጠቡ በዚያው ያልቃል። ረዳቱ የዚችው ሚስቱ ወንድም ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ጉልበተኛ፣ ደግ፣ ግን ሐሳቡ የሚበርበት ሰው። እያንጎራጎረ ነው የሚሠራው፤ ዘፈኑ የጣመው ዕለት ሥራውን ይረሳዋል።

ግቢው ዋልካ ነው። አንጣፊ የሆነ ሰው ዋልካ አፈር ሲያይ ሆዱን ይቆርጠዋል። ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየተሰነጠቀ ይደርቃል። ልጅቱ ሥራውን ስታሲዝ «ዝም ብላችሁ ላዩ ላይ አንጥፉበት» ብላ ነበር። ውሃልክ እምቢ አለ። «እህቴ፣ ዋልካ ላይ ያነጠፍኩት ሣር በዓመቱ የግመል ጀርባ ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ ያን ጊዜ የሚሰደበው ስሜ ነው» አላት። ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ስንዝር ተኩል ቆፍረው አወጡት፤ ውሃ የሚሄድበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቀበሩ፤ ጠጠር አለበሱት፤ በላዩ የድንጋይ ዱቄት ነስንሰው በማሽን ጠቀጠቁት። ዛሬ የቀረው ማንጠፉ ነው። የወጣው አፈር ከበሩ ውጭ ተቆልሎ መኪና ይጠብቃል። ሌሊት ዘንቦበት ስለነበር ከፒካፕ መኪናቸው የሣር ጥቅል ተሸክመው በገቡ ቁጥር ጫማቸው ሌላ ጫማ እየጨመረ ይመጣል። አማቹ በሩ ላይ በእንጨት እየፋቀ «ለልጅቱ ቆፍረን ያወጣነውን አፈር፣ በጫማችን መልሰን እያስገባንላት ነው» ይላል።

ልጅቱ ይሄን ሁሉ ያሠራችው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት እናቷ እዚሁ ጭቃ ላይ ተንሸራተው ወድቀው፣ ሰው እስኪሰማቸው አንድ ሰዓት ያህል ዝናብ ሲደበድባቸው ቆይተዋል። ሰውነታቸው ተላልጦ ተረፉ። ልጅቱ የምትሠራው ደግሞ አጥንት ክፍል ነው፤ ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊቶችን ከጎን ወደ ጎን ስታገላብጥ ትውላለች፤ ገብተው ያልወጡትን ታውቃለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይወድቃል። ይህን ለውሃልክ የነገረችው ዓይኖቿ ውሃ ሞልተው ነበር። እንግዲህ ጠዋት «አታይም» ያለችው ይህችው ልጅ ናት። ሰው ሲደክመውና ሲፈራ አፉ ይቀድመዋል።

ረፋዱ ላይ ሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያውን ጥቅል ፊቱን ወደ ቤቱ አዙረው ከግራው አጥር ጥግ ዘርግተው ጫፉን ሲያስተካክሉ፣ ውሃልክ ቀና ቢል እናትየው ከደጃፉ ወርደው በተጠቀጠቀው ድንጋይ ላይ እየሄዱ ነው። በትራቸውን ወደፊት ዘርግተዋል። ሰባት ስምንት እርምጃ ደህና ሄዱ። ከዚያ ቆሙ። በትሩን ወደ ቀኝ አሉት፤ ወደ ግራ አሉት፤ ሁሉም ቦታ ያው ድንጋይ ነው። ሁለተኛ እጃቸውን አየሩ ላይ ዘረጉ፤ የሚይዙት ነገር አጡ። ያለ ቤታቸው የገቡ እንግዳ መሰሉ። ውሃልክ የሣር መቁረጫ ካተሩን ጥሎ ሮጠና ክንዳቸውን ያዛቸው።

«ጠፋሁ» አሉት። «በገዛ ግቢዬ ጠፋሁ ልጄ።»

«ወዴት ሊሄዱ ነበር እማማ?»

ሊሄዱ የነበረው ከቤቱ ትይዩ፣ ግቢው ሲያልቅ ግንቡ ሥር ወዳለው አግዳሚ ነበር። ከደጃፉ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ከግንቡ ማዶ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው አሉ፤ እሳቸውም ጉልበታቸው ከዳቸውና ከደጃቸው አይርቁም። ሁለቱ አሮጊቶች ጠዋትና ከሰዓት ግንቡን በድንጋይ እየመቱ ይጠራራሉ፤ ከዚያ ግንቡን ተደግፈው የባጥ የቆጡን ሲያወሩ ይውላሉ። የእናትየው ዓይን ከደከመ ስድስት ዓመት አልፏል፤ አንድ ቀን ግን መንገዱን ስተውት አያውቁም። «በዚያ ዋልካ ነው የምሄደው» አሉት። «እኔ የረገጥኩት እንደ ጡብ ጠጥሯል፤ ወዲህና ወዲያ ስወጣ ይፈረፈራል፣ ወይ ይሰምጣል። እግሬ ያውቀዋል።» ውሃልክ ዕድሜውን ሙሉ ሲረግመው የኖረውን አፈር አንድ ሰው እንደ ወዳጅ ሲያነሳው ሰምቶ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ስለመውደቃቸው አነሳባቸው።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው ልጃቸው አለመኖሯን ያረጋገጡ መሰሉ። «የዚያን ቀን ጆንያ ነው የጣለኝ» አሉ ዝግ ብለው። «እንዳያዳልጠኝ ብላ መንገዴ ላይ ጆንያ አንጥፋልኝ ሄደች። መንገዴን ሸፈነችብኝ። ከጆንያው ልውጣ ልግባ ስል ተንሸራትቼ ሄድኩ። አልነገርኳትም፤ ብትሰማ ራሷን ትበላለች። አንተም እንዳትነግራት።» ወዲያው ከግንቡ ማዶ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ጓደኛቸው ናቸው። አሮጊቷ አንገታቸውን አቀኑ። «ሦስት ቀን ሆነኝ ካልሄድኩ። ልጄ ማታ ስመጣ እወስድሻለሁ ትለኛለች። እኔ ዕቃ ነኝ የምወሰደው?» ካሉ በኋላ ድምፃቸው ሰለል አለ። «ሣሩ ሲነጠፍ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሆናል አይደል? እንግዲህ ሰው እጄን ካልያዘኝ መሄዴ ቀረ።» ውሃልክ እጃቸውን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሥራው ግን እንደ ጠዋቱ አልጣመውም።

ሁለተኛውን ጥቅል አነጠፉ። ሦስተኛው ከደጃፉ እስከ አግዳሚው በቀጥታ የሚወርደው ነው፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ይሆናል። ውሃልክ ከግንቡ ሥር ተንበርክኮ ጫፍ ሲቆርጥ አማቹ ብቻውን እያንከባለለ ዘረጋው። ዘፈን ላይ ነበር። ውሃልክ ዞር ብሎ ሲያይ ጉድ ሆነ። ሁለቱ ገርጠት ብለው እየበሩ ሦስተኛው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተጋድሟል። «አኩራፊ!» አለ ጥርሱን ነክሶ። በሥራው ቋንቋ አኩራፊ የሚሉት በተቃራኒ የተዘረጋ ሣር ነው፤ ጓደኞቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩ እሱ ጀርባውን ስለሚሰጥ። ለአንጣፊ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም፤ ዕውቀት የሌለው ሰው እንኳ ከሩቅ ያየዋል። አማቹ ራሱን እያከከ «አሁን እገለብጠዋለሁ፣ ምን ያስቆጣሃል» አለ። «በመጀመሪያ እማማን ግን ቤት ላስገባቸው፤ ፀሐዩ መታቸው።»

አሮጊቷ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ስላስቸገራቸው አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። በአማቹ ክንድ ተደግፈው በሁለተኛው ጥቅል ላይ ወደ ቤት ሲመጡ፣ መሀል ላይ ሲደርሱ ወደ ሦስተኛው ተሻገሩ። ቆሙ። አንዱን እግራቸውን ወደ ኋላ መልሰው ነካኩ፤ እንደገና አመጡት። «ይቺኛዋ ደግሞ ምን ሆናለች?» አሉ። «ያኛው ተኝቶ ነበር፤ ይቺ ተነስታ ትወጋኛለች።» ዞሩና ፊታቸውን ወደ አግዳሚው አድርገው ሁለት እርምጃ ሄዱ። «አሁን ደግሞ ተኛች!» አማቹ እየሳቀ አኩራፊ መሆኗን ነገራቸው፤ ለምን እንደዚያ እንደምትባልም ጨመረላቸው። አሮጊቷ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እንግዲያስ ዘመዴ ናታ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና የእግር ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያንቀሳቀሱ ከሥራቸው ያለውን ሲያጠኑ ቆዩ። «ተዋት» አሉ በመጨረሻ። «እባክህ ልጄ፣ እቺን እንዳለች ተዋት።»

ውሃልክ እንደዚያ ያለ ልመና ሰምቶ አያውቅም። ሰው «አስተካክልልኝ» ብሎ ነው የሚለምነው። አንድ ሥራ በጨረሰ ቁጥር ፎቶ ያነሳል፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ግቢ ሁሉ እንደ ተላጨ ፊት አንድ መልክ ነው፤ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የሚያሳየው ያንን ነው። «እማማ፣ ይሄ እኮ ስህተት ነው። ሰው ያየዋል» አላቸው። «ይየዋ» አሉት። አሠሪዋ ደግሞ እሳቸው ሳይሆኑ ልጃቸው ናት፤ ማታ መጥታ ልክ አይደለም ብትል እውነቷን ነው። ወጥቶ ፒካፑ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ያ የዋልካ ቁልል አለ፤ ከላይ መድረቅ ጀምሮ ጭረት ጭረት እያወጣ ነው። ከመሀሉ የጠፍጣፋ ድንጋይ ያህል ጠጣር የሆነ፣ ላዩ እንደ ሸክላ የለሰለሰ ጓል አየና አነሳው። የአሮጊቷ መንገድ ነው። ስድስት ዓመት የረገጡትን በዶማ ፈነቃቅሎ ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

ተመልሶ ገባና ሜትሩን አወጣ። «ሁለት ሜትር ይሰፋባቸዋል» አለ ለአማቹ፤ «ውስጡ ሲዞሩ ይጠፋሉ። ጥቅሉን ገልብጥና ልክ አድርገው። ከመሀሉ ስልሳ ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ እናወጣለን፤ እሷን ብቻ አዙረን መልሰን እንከታታለን።» አማቹ አፉን ከፈተ። «ሃያ ዓመት አኩራፊ ስትገለብጥ ኖረህ፣ ዛሬ ራስህ ልትሠራ ነው?» «ዘፈንህን ዝፈን» አለው ውሃልክ። ሥራው ከወትሮው እጥፍ ሆነባቸው። ከጀርባው በስፌቶቹ መሀል አንድ ክር ሳይነኩ መቁረጥ፣ ዙሪያውን መገጣጠሚያ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ማስቲሽ መቀባት፣ ጣት እንዳይደናቀፍበት ጠርዙን በጉልበት እየሄዱ መጫን ነበረባቸው። ምሳ ሳይበሉ ቀሩ። ውሃልክ ከደጃፉ መሀል እስከ አግዳሚው መሀል ገመድ ወጥሮ ቀጥ ማለቷን አራት ጊዜ ለካ። ጠማማ ነገር ሲሠራ እንኳ ቀጥ አድርጎ ነው የሚሠራው። አራተኛው ጥቅልም ተነጥፎ ማስቲሹ ሲይዝ ፀሐዩ ዘቅዘቅ ብሎ ነበር። አሮጊቷ ሁለት ጊዜ ሞከሩት፤ በመጀመሪያው አማቹ አጠገባቸው ሄደ፣ በሁለተኛው «ወግድልኝ» አሉት። «ስሄድ የሚለሰልሰውን፣ ስመለስ የሚወጋኝን እከተላለሁ» እያሉ ለራሳቸው አጠኑት። «ድሮስ ወደ ቤት መመለስ መቼ ሳይጎረብጥ ቀርቶ!»

ልጅቱ ስትገባ መሣሪያ እየሰበሰቡ ነበር። ከበሩ ጥቂት አለፍ ብላ ግቢውን ስታይ ፊቷ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ተኮሳተረች። ከደጃፉ እስከ ግንቡ ድረስ አንዲት ጥቁር መስመር በአረንጓዴው መሀል ተዘርግታለች። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ውሃልክ ከቀትር ጀምሮ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ የት እንደገባ እንጃ። «አኩራፊ ነች» ብቻ አለ። «ተበላሽቷል ማለት ነው?» «አልተበላሸም፤ ለእማማ መንገድ እንዲሆን ብለን ነው። በእግራቸው ያገኙታል።» ልጅቱ ድካሟና ንዴቷ አንድ ላይ መጣባት። «መንገድ? ብቻዋን እንድትሄድ? እኔ እኮ ያሠራሁት እንዳትወድቅ ነው። ባለፈው ክረምት ጆንያ አንጥፌላት እንኳ ነው የወደቀችው!» ውሃልክ ምላሱ ጫፍ ላይ የደረሰውን ነገር ይዞ ወደ አሮጊቷ አየ። እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ እንዳይናገር ራሳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትንሹ ነቀነቁ። ዋጠው።

አሮጊቷ ጫማቸውን አወለቁ። በትሩን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ከደጃፉ ወረዱ። ልጅቱ ቦርሳዋን እንዳነገተች ልትሮጥ ስትል «ይተዉዋቸው እህቴ» አላት ውሃልክ። ቆመች፤ እጆቿ ግን እንደተዘረጉ ቀሩ። እናቷ ቀስ እያሉ ሄዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ግራ ወጣ አሉ፤ እግራቸው የሚወጋ ነገር ሲነካ ቆመ፤ ራሱ ተመለሰ። አሮጊቷ ጉልበታቸው አግዳሚውን ሲነካ ዞረው ተቀመጡ፤ ድንጋያቸውን ከአጠገባቸው ዳብሰው አንስተው ግንቡን ሦስት ጊዜ መቱ። ከማዶው ወዲያው ተመለሰላቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲሆን የኖረውን ይህን ነገር ልጅቱ ሥራ ላይ ስለምታመሽ አይታው አታውቅም።

ንዴቷ የት እንደገባ አጣችው። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ እሱኑ ተናገረች፤ ድምጿም ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ግን እኮ እማዬ፣ ቀለሟ ይለያል። ታስጠላለች።»

«ምን ቸገረኝ» አሉ እናትየው ከአግዳሚው ላይ። «እኔ እንደሆንኩ አላይም።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነበር። ልጅቱ ግን የጠዋቱ ቃሏ መሆኑን አወቀችው። ፊቷ ቀላ። ውሃልክ ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደ። አማቹ ጠጋ ብሎ «ፎቶ አታነሳም?» ሲለው ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ሳበው። በሩ ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ዞር አለ።

ልጅቱ ቦርሳዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ነጭ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ከበሩ ስትገባ የያዘው ዋልካ ሶሉ ላይ ተለጥፏል። ካልሲዋንም አወለቀች። ዓይኗን ጨፈነችና መስመሯ ላይ ቆመች፤ ሄደች። ስምንት እርምጃ ሳትሞላ ሳተች። «ወደ ቀኝ ወጣሽ» አሉ እናትየው ኮቴዋን ሰምተው። «ከወጋሽ ያ የኔ መንገድ አይደለም፤ ተመለሽ።» በእግሯ ፈለገች፤ አጣች፤ እንደገና አገኘች። እጆቿን ዘርግታ፣ ጠዋት እናቷ እንደሆኑት ሆና፣ ጉልበቷ አግዳሚውን እስኪነካ ሄደች። እናትየው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«እማዬ፣ ጠዋት የተናገርኩት…» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ስንት እርምጃ ሆነብሽ?» አሏት።

«አልቆጠርኩም።»

«ለእኔ ሃያ ሁለት ነው» አሉ እናትየው፣ እጇን ዳብሰው ይዘው። «ነገ ያንቺን ትቆጥሪያለሽ።»